ሰመር ላይ ዴከርስ፦ ትራውቱ እየዘለለ መንጠቆህን ለምን አይነካም?

ጥያቄው ባጭሩ፦ «አውሮራ፣ ኮሎራዶ ነው የምኖረው። ዓሣ ማጥመድ ከጀመርኩ ይሄ ሁለተኛ ሰመሬ ነው። ኦንላይን 100 ፍላይ (ነፍሳት የሚመስል መንጠቆ) ያለበት ሳጥንና የተለያየ ቀለም ያላቸው ሉሮች (ትንሽ ዓሣ የሚመስሉ ማጥመጃዎች) ገዝቻለሁ። ዘንጌ ተራ ስፒኒንግ (ክብደት ያለው ማጥመጃ የሚወረወርበት) ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሳውዝ ፕላት ወንዝ፣ ዴከርስ እወርዳለሁ። ትራውቱ አጠገቤ እየዘለለ የእኔን ግን አይነካም። አንድ ጓደኛዬ ትልቅ ሉር ትልቅ ዓሣ ያመጣል ይላል፤ ሌላው ሽታ ያለው የፕላስቲክ ትል ሞክር አለኝ። የሚሠራው የትኛው ቀለም ነው? የፍላይ ዘንግ መግዛት አለብኝ? ለፍልሰታም ሁለት ሦስት ዓሣ ይዤ ብገባ ደስ ይለኛል።»

ከቀለም አትጀምር። ቀለም የመጨረሻው ጥያቄ ነው። ስንት ሰዓት ላይ ነው ወንዙ ዳር የምትደርሰው? መንጠቆህ ምን ያህል ትልቅ ነው? ዓሣው በሚበላበት ጥልቀት ነው የሚሄደው? ከውሃው እኩል ይፈሳል ወይስ እየተጎተተ ነው? እነዚህ ሳይስተካከሉ ቀለም ብትቀያይር ቋጠሮ ስትፈታና ስትቋጥር ይመሽብሃል።

ከሁሉ በፊት ግን ያ ሽታ ያለው ትል ከሳጥንህ ይውጣ። ዴከርስ አካባቢ ያለው ወንዝ ሰው ሠራሽ ፍላይና ሉር ብቻ የሚፈቀድበት ነው። ብዙ ሰው «ፕላስቲክ ስለሆነ ሰው ሠራሽ ነው» ብሎ ይሳሳታል። የኮሎራዶ ደንብ የሚያየው ፕላስቲክ መሆኑን ብቻ አይደለም፤ ሽታ ካለው፣ ሽታው ፋብሪካ ውስጥም ይጨመር አንተም ቀባው፣ እንደ ምግብ ማጥመጃ ይቆጠራል። ፓወርቤይት (ሽታ ያለው ሊጥ መሰል ማጥመጃ)፣ በቆሎ፣ እውነተኛ ትል፣ ሁሉም እዚያው ምድብ ውስጥ ናቸው። ተቆጣጣሪው ሲመጣ «አላወቅኩም ነበር» ከቅጣት አያድንህም። ጓደኛህ ክፉ አስቦ አይደለም፤ እሱ ምናልባት ሐይቅ ላይ ነው የሚያጠምደው፣ እዚያ በአብዛኛው ይቻላል።

አሁን ወደ ዋናው ጥፋት እንምጣ። «ከሰዓት በኋላ» ያልከው ነው። ትራውት የቀዝቃዛ ውሃ ዓሣ ነው። ውሃ ሲሞቅ ኦክስጅን የመያዝ አቅሙ ይቀንሳል፤ የዓሣው ሰውነት ደግሞ በዚያው ልክ ብዙ ኦክስጅን ይፈልጋል። በፋራናይት ከ50 እስከ 62 ገደማ ድረስ ደህና አድርጎ ይበላል። 65 ሲያልፍ ይከብደዋል። 67 ወይም 68 ላይ፣ ማለትም ወደ 20 ሴልሺየስ ሲጠጋ፣ ማጥመድ ይቆማል። ይሄ ጨዋነት ብቻ አይደለም፤ በሞቀ ውሃ የታገለ ትራውት በደንብ ለቀኸው ዋኝቶ ሲሄድ ብታየውም ቆይቶ ሊሞት ይችላል። የኮሎራዶ ፓርክስ ኤንድ ዋይልድላይፍ መሥሪያ ቤት በሞቃት ዓመታት አንዳንድ ወንዞች ላይ ከቀትር በኋላ አታጥምዱ ብሎ የሚለምነው ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ ሁለተኛ ስህተት አለ። «እሺ፣ ፀሐይ በረድ ሲል አመሻሽ ላይ እሄዳለሁ» የሚሉ ብዙ ናቸው። አየሩ ቀዘቀዘ ማለት ውሃው ቀዘቀዘ ማለት አይደለም። ወንዙ ከሁሉ በላይ የሚሞቀው ቀትር ላይ ሳይሆን ወደ አመሻሹ ነው፤ ከዚያ ሌሊቱን ሲበርድ አድሮ ጎህ ሲቀድ በጣም ቀዝቃዛ ይሆናል። ስለዚህ በሰመር አስተማማኙ ሰዓት ጠዋት ነው። ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል እስከ ረፋዱ 5 ሰዓት (በእኛ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ማለዳ መነሳት ከከበደህ አልፈርድብህም፣ ግን ከዚህ በታች የምጽፍልህ ሁሉ ግማሹ ጥቅሙ ይቀራል። አንድ የውሃ ቴርሞሜትር ግዛ፣ ከማንኛውም ሉር ይቀድማል። እጅህን ውሃ ውስጥ ከትተህ «ይበርዳል» ማለት አይበቃም፤ 66 ዲግሪም ለእጅ ይበርዳል።

ዴከርስ ለጀማሪ ቀላል ወንዝ እንዳልሆነም እወቅ። ውሃው የሚመጣው በ1905 ከተጠናቀቀው የቺዝማን ግድብ ነው። ከሐይቁ ጥልቅ ክፍል የሚለቀቅ ስለሆነ ቀዝቃዛና ጥርት ያለ ነው፤ ሌሎች ወንዞች በሐምሌ ሲሞቁ እሱ ይቆያል። ከግድቡ እየራቀ በሄደና ውሃው ባነሰ ቁጥር ግን እሱም ይሞቃል። ጥርት ማለቱ ለዓይን ደስ ይላል፣ ለአጥማጅ ግን መከራ ነው፤ ዓሣው ክርህን ያያል፣ ጥላህን ያያል፣ አንተንም ያያል። ዴንቨር ደግሞ ቅርብ ስለሆነች ዓመቱን ሙሉ ሰው አይጠፋበትም። እዚያ ያለ ቡኒ ትራውትና ሬይንቦ የሱቅ ፍላይ ሲያይ የመጀመሪያው አይደለም። በላዩ ላይ በ2002 የሄይማን ቃጠሎ ዙሪያውን ያለውን ጫካ ከበላው በኋላ ብዙ አሸዋ በዝናብ እየታጠበ ወንዙ ውስጥ ገብቷል፤ ኃይለኛ ዝናብ ከጣለ ወንዙ ቶሎ ሊደፈርስ ስለሚችል ከመነሳትህ በፊት የአየር ትንበያውን እይ።

እንዲህ ዓይነት ከግድብ በታች ያለ ወንዝ ውስጥ ያሉት ነፍሳት ብዙ ናቸው፣ ግን ደቃቃ ናቸው። የመጠኑን ጉዳይ እዚህ ጋ ያዝልኝ። የመንጠቆ ቁጥር ሲጨምር መንጠቆው ያንሳል። ቁጥር 12 ትልቅ ነው፣ ቁጥር 22 ጥፍርህ ላይ ብታስቀምጠው ቦታ ይተርፈዋል። በ100 ፍላይ ሳጥን ውስጥ የሚመጡት አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 14 ናቸው፤ ሳጥኑ ሲከፈት እንዲያምር ደማቅ ቀለም ይበዛባቸዋል። ዴከርስ ላይ በነሐሴ ዓሣው ቀኑን ሙሉ ከ18 እስከ 24 የሚያህል ነገር ሲበላ እየዋለ አንተ ቁጥር 10 ሮዝ ነገር ስትወረውርለት ለምን ይንካው? ጓደኛህ «ትልቅ ሉር ትልቅ ዓሣ» ያለው አንዳንድ ቦታ እውነት አለው። ትልቅ ቡኒ ትራውት ትንንሽ ዓሣ ይበላል፣ በተለይ ብርሃን ሲደበዝዝ። በጥርት ውሃ፣ በጠራራ ፀሐይ ግን ትልቁ ሉርህ ዓሣውን ከድንጋዩ ሥር ያስገባዋል፣ ሌላ የሚያመጣው የለም።

«አጠገቤ ይዘላል» ያልከውን ቆም ብለህ ብታየው ግማሹን መልስ ራሱ ይነግርሃል። ዓሣው ብቅ ሲል አፍንጫው ከውሃው በላይ ወጥቶ ትንሽ አረፋ ትቶ ከሄደ ላይ ላይ የተኛ ነፍሳት ነው የወሰደው። ጀርባው ወይም ጭራው ብቻ ታይቶ አረፋ ካልቀረ ግን ከውሃው ፊት በታች፣ ገና ሊወጣ ሲታገል ያገኘውን እጭ ነው የበላው። ለሰው ሁለቱም «ዘለለ» ናቸው። ላይ ላይ የሚንሳፈፍ ፍላይ ለሁለተኛው ብትወረውር በላዩ ሲያልፍ ታየዋለህ እንጂ አይነሳልህም። ትራውት ከሚበላው አብዛኛውን የሚበላው ከውሃው ሥር ነው፤ መዝለሉ ለእኛ ዓይን ስለሚታይ ነው ልባችንን የሚሰርቀው።

ጠዋቱ እንዴት እንደሚሄድ ልንገርህ። በሐምሌ መጨረሻና በነሐሴ፣ ልክ ፍልሰታ ሲገባ አካባቢ፣ ትራይኮ የምትባል ደቃቅ ሜይፍላይ (ውሃ ውስጥ አድጋ የምትበር ነፍሳት) ትወጣለች። ሰውነቷ ጥቁር፣ ክንፏ ነጭና ግልጽ፣ ጭራዋ ሦስት ረጃጅም ክር ነው። ጠዋት ከውሃው በላይ እንደ ጭስ ሲወዛወዝ የምታየው ደመና እሷ ነች። አየሩ ሞቅ ሲል፣ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ አካባቢ፣ ተዳቅላ እንቁላሏን ጥላ ክንፏን ዘርግታ ውሃው ላይ ሞታ ትወድቃለች። ያን ጊዜ ዓሣው በሰልፍ ቆሞ ይለቅማል። አይዘልም፣ አይረብሽም፤ አፍንጫውን ብቅ እያደረገ በጸጥታ ይለቅማል። ከዚያ በፊት፣ ሰኔና ሐምሌ ላይ፣ ፒኤምዲ የሚሏት ፈዛዛ ቢጫ ሜይፍላይ አለች፣ ቁጥር 16 ወይም 18። ካዲስ ደግሞ አመሻሽ ላይ ነው የሚበዛው፣ ክንፉ እንደ ቤት ጣሪያ የታጠፈ ቡናማ ነገር። ሚጅ (ትንኝ የሚመስል ደቃቃ ነፍሳት) ዓመቱን ሙሉ አለ። ከሐምሌ አጋማሽ በኋላ ሳሩ ሲደርቅ ፌንጣ፣ ጉንዳንና ጢንዚዛ በነፋስ ውሃው ውስጥ ይወድቃሉ። ለአንተ ትልቁ ዕድል እዚህ ጋ ነው፤ ምክንያቱም ፌንጣ ትልቅ ነው፣ ለማየትም ለመወርወርም ይመቻል፣ ዓሣውም ደቃቃ ሲለቅም ውሎ አንድ ወፍራም ነገር ሲያልፍ አንዳንዴ አይችልም።

ስለዚህ ከ100ው ውስጥ ሁለት ሦስት ብቻ አውጣ። ፓራሹት አዳምስና ኤልክ ሄር ካዲስ የሚባሉት ተንሳፋፊ ፍላዮች ካሉህ ትንንሾቹን አስቀር። ፌዛንት ቴል የምትባለዋ ቡናማ ኒምፍ (እጭ የምትመስል፣ ከውሃው ሥር የምትሄድ ፍላይ) ካለች እሷንም። ከዚያ እያንዳንዱን መንጠቆ ክቡን በጣትህ ጫን ብለህ ሞክር፤ በርካሽ ሳጥን ውስጥ የሚመጡት አንዳንዶቹ እንደ ሽቦ ይለጠጣሉ፣ ትልቅ ዓሣ ሲመጣ ቀጥ ብለው ታገኛቸዋለህ። የቀረውን ከወንዙ አቅራቢያ ካለ የፍላይ ሱቅ በፍሬ ግዛ። አንዱ ጥቂት ዶላር ነው። ፌንጣ በፎም የተሠራ ቁጥር 12፣ ፌዛንት ቴል ቁጥር 18 እና 20፣ አርኤስ 2 የምትባል ግራጫ ቁጥር 22፣ ዜብራ ሚጅ ጥቁር ቁጥር 20፣ ትራይኮ ቁጥር 22። ከእያንዳንዱ ሁለት ሁለት። በቃ። ሱቁ ውስጥ ያለውን ሰው «ዛሬ ጠዋት ምን እየሠራ ነው?» ብለህ ጠይቀው፤ ይነግርሃል፣ ሥራው ነው።

አሁን ሰዎች የሚሰለቹትን ልንገርህ፣ ግን ከፍላዩ ስም ይበልጣል። ትራውት ለምግብ አይሯሯጥም። ከድንጋይ ጀርባ ወይም ፈጣንና ዝግተኛ ውሃ በሚገናኙበት መስመር ላይ ፊቱን ወደ ላይኛው ወንዝ አዙሮ ይቆማል፤ ውሃው ጉርሻ እየጠቀለለ አፉ ድረስ ያመጣለታል። ሕይወት የሌለው ነፍሳት ደግሞ ከውሃው እኩል ነው የሚሄደው፣ አይቀድምም፣ ወደ ጎን አይሄድም። የአንተ ክር በመካከል ያለው ፈጣን ውሃ ላይ ተኝቶ ፍላዩን ትንሽ ከጎተተው፣ አንተ ባታየውም፣ ዓሣው ያያል፤ ከፍላዩ ጀርባ ትንሽ የውሃ ስንጥቅ ይፈጠራል። እዚያ ጋ አለቀ። ዘንጉን ከፍ አድርገህ ያዝ፣ ክሩ ውሃ ላይ እንዳይተኛ። ቅረብ፣ ረጅም አትወርውር። ዓሣው ወደ ላይኛው ወንዝ ስለሚያይ ከታችኛው ወንዝ በኩል፣ ከጀርባው ና። ጎንበስ በል። ፍላዩን ከዓሣው ሁለት ሜትር ያህል ወደ ላይኛው ወንዝ አድርገህ ጣለውና ራሱ ወደ እሱ ይፍሰስ።

በስፒኒንግ ዘንግ ፍላይ መወርወር አይቻልም የሚለውም ትክክል አይደለም። ቀለም የሌለው ግልጽ የፕላስቲክ ቡብል (ተንሳፋፊ ኳስ) ግዛ፣ ውሃ የሚሞላውን። የሪልህ (የመጠቅለያህ) ክር 4 ፓውንድ የሚችል ይሁን። ክሩን በቡብሉ አሳልፈህ ጫፉ ላይ ትንሽ ስዊቭል (የሚዞር የብረት ማያያዣ) እሰር። ከስዊቭሉ አምስት ጫማ ያህል 5ኤክስ (የክሩ ቅጥነት ቁጥር ነው) ናይለን አውርድና ፌንጣውን እሰርበት። ከፌንጣው መንጠቆ ክብ ላይ ደግሞ 18 ኢንች ያህል 5ኤክስ ፍሎሮካርቦን አውርደህ ፌዛንት ቴሏን እሰር። ናይለኑ ለላይኛው ነው፣ ፍሎሮካርቦን ስለሚሰምጥ ፌንጣውን ይጎትተዋል። ቡብሉን ግማሽ ያህል ውሃ ሙላው፣ ክብደት ይሆንሃል። ፌንጣው በድንገት ከቆመ፣ ከሰመጠ ወይም ወደ ጎን ከሸሸ ዘንጉን አንሳ፤ ድንጋይ መስሎህም ቢሆን አንሳ። ክሩ ሲበጠስብህ ወፍራም አታድርገው፣ ቋጠሮህን ከመሳብህ በፊት በምራቅ አርጥበው። ቁጥሩ ሲጨምር ክሩ ይቀጥናል፦ 5ኤክስ 0.006 ኢንች፣ 6ኤክስ 0.005 ኢንች ነው። ለቁጥር 22 መንጠቆ 6ኤክስ ያስፈልግሃል።

ይሄ አሠራር ገደብ አለው፣ ልደብቅህ አልፈልግም። ቡብሉ ሲወድቅ ጮክ ይላል። ዝም ባለ፣ መስታወት በሚመስል ውሃ ላይ ትራይኮ ለሚለቅሙት ዓሦች ብትወረውረው በአንዴ ይበተናሉ። እነሱን ተዋቸው፣ የምር። አንተ የምትፈልገው ውሃው በድንጋይ ላይ እየተንኮታኮተ የሚሄድበትን፣ ከጉልበት እስከ ጭን የሚደርሰውን ነው፤ እዚያ የቡብሉ ድምፅ ይሰወራል፣ ዓሣውም ለመመርመር ጊዜ የለውም። ትራይኮዋም አትቅርብህ፦ ከወደቀች በኋላ ብዙዋ ትሰምጣለች። ከጸጥተኛው ውሃ በታች ባለው ድንጋያማ ቦታ ላይ ፌዛንት ቴሏን ፈትተህ በ6ኤክስ የሰመጠች ትራይኮ ብታደርግ፣ ከላይ ሲያስቸግሩህ የነበሩት ዓሦች ወንድሞች እዚያ አሉ።

ወደ ሉሩ። ሉር መጥፎ አይደለም፣ ሰዓትና ቦታ አለው። ዴከርስ ላይ ሁለት ጊዜ ይሠራል፦ ጎህ ሲቀድ ፀሐይ ውሃውን ሳትነካ፣ እና ዝናብ ጥሎ ውሃው ትንሽ ሲደፈርስ። ትንሽ አልኩ፤ ቡና ከመሰለ ሂድ ቤትህ። ያሉህን ትልልቆቹን ተውና ከ1/16 እስከ 1/8 አውንስ ያለች የምትሽከረከር ስፒነር (የሚዞር የብረት ቅጠል ያላት ሉር) ያዝ፣ ፓንተር ማርቲን ወይም ሜፕስ ዓይነት። ብዙ ሰው ወደ ታች ወርውሮ ወደ ላይ ይጎትታል፤ ትንሽ ዓሣ ወንዙን በዚያ ፍጥነት ሽቅብ አይዋኝም። ወደ ማዶ፣ ትንሽ ወደ ላይ አድርገህ ወርውር። ቅጠሏ ለመዞር ያህል ብቻ ከውሃው ትንሽ ፈጥነህ ጠቅልል፤ ስትዞር ዘንጉ ላይ ንዝረቷ ይሰማሃል፣ ንዝረቱ ከጠፋ ወይ ዘግይተሃል ወይ ሳር ይዛለች። ከዚያ ውሃው ቀስት ሠርቶ ወደ አንተ ዳር ሲያመጣት አትቸኩል፤ ልክ ከመዞሯ መጨረሻ ላይ ነው ብዙ ጊዜ የሚመታት። ያ ባለ ሦስት መንጠቆውን አውልቀህ ባለ አንድ አድርግበት። የመንጠቆውንም ወደ ኋላ የዞረች ሹል በፒንሳ ጨፍልቃት። ክሩን ካላላላህ ዓሣ አይጠፋብህም፣ ማውጣቱ ግን በሰከንድ ያልቃል።

እሺ፣ ቀለም። ላይ ላይ ለሚንሳፈፍ ፍላይ ዓሣው ከሥር ወደ ብርሃን ነው የሚያየው፤ መጀመሪያ የሚታየው ቅርጹና መጠኑ ነው፣ ጀርባው ላይ ያለው ደማቅ ነገር ለአንተ ዓይን የተሠራ ነው። ከሥር ለሚሄድ ኒምፍ ቡናማ፣ ጥቁርና ግራጫ ይበቃሉ። ለሉር በጥርት ውሃ ብርማ፣ በደፈረሰ ወርቃማ ወይም ጥቁር። ከዚህ በላይ በቀለም መጨነቅ ለሱቅ ባለቤት ነው የሚጠቅመው።

የፍላይ ዘንግ ዘንድሮ አትግዛ። ገንዘብህ ስለሚባክን አይደለም፤ አሁን የጎደለህ ውሃ ማንበብ ነው፣ እሱን ደግሞ በያዝከው ዘንግ መማር ትችላለህ። መስከረም ካለፈ በኋላ አሁንም ትራይኮ ለቃሚዎቹ ዓሦች እያናደዱህ ከሆነ ያን ጊዜ ባለ 9 ጫማ፣ 5 ክብደት («5 ዌይት» የሚሉት) ዘንግ ግዛ፤ ክረምቱን ፓርክ ውስጥ ሳር ላይ ተለማመድ።

የፍልሰታውን ጉዳይ ከዴከርስ አትጠብቀው። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ለአንተና ለንስሐ አባትህ ልተወው። ወንዙ ላይ ግን የሚወሰደው ዓሣ በቁጥርም በርዝመትም የተገደበ ነው፣ ከፍ ብሎ ያለው የቺዝማን ካንየን ደግሞ ይዞ መልቀቅ ብቻ ነው። ገደቡ በየክፍሉ ስለሚለያይ የዘመኑን የደንብ መጽሔት አውርደህ የቆምክበትን ቦታ ስም ፈልግ። ለምግብ ከሆነ መንግሥት ዓሣ እያመጣ የሚለቅባቸው ሐይቆች አሉ፤ የለቀቁበትን ቦታ ዝርዝር በየጊዜው ያወጣሉ። በነሐሴ ከተማ ውስጥ ያሉት ሐይቆች ስለሚሞቁ ወደ ተራራው ውጣ፣ ጆርጅታውን ሐይቅን የመሰለ ቦታ። ያ ሽታ ያለው ትልም እዚያ ሥራ ያገኛል፣ የዚያን ሐይቅ ደንብ ካየህ በኋላ። በኮሎራዶ አጠቃላይ ገደቡ በቀን አራት ትራውት ነው። 16 ዓመት የሞላውና ከዚያ በላይ ያለ ሁሉ ፈቃድ ያስፈልገዋል፣ «እኔ አብሬው ነው የመጣሁት» ብሎ ዘንግ የያዘ ዘመድህም ጭምር።

(በነገራችን ላይ ሀገር ቤት ስትሄድ ባሌ ልትሞክር ካሰብክ፣ ዌብና ዳንካ ወንዞች ውስጥ ከኬንያ የመጣ ትራውት አለ። ይሄ የጻፍኩልህ የወር አቆጣጠር ግን እዚያ አይሠራም፤ ሐምሌና ነሐሴ ዝናብ ነው፣ ወንዙ ይሞላል። ከኅዳር እስከ የካቲት አስብበት።)

ሁለት ነገር ተጠንቀቅ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ከቀትር በኋላ ተራራው ላይ መብረቅ የተለመደ ነው፣ ያንተ ዘንግ ደግሞ ግራፋይት ነው፣ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ነጎድጓድ ከሰማህ ዘንጉን አውርደህ መኪና ውስጥ ግባ፣ «አንድ ልወርውርና» የለም። ሌላው፣ ኮሎራዶ ውስጥ በግል መሬት ላይ የሚያልፍ ወንዝ ሥሩ ያለው መሬት የባለ መሬቱ ነው። ውሃ ውስጥ ቆመህም ቢሆን አጥር አልፈሃል ማለት ነው። በዴከርስና በካንየኑ መካከል የግል ክለብ ይዞታ አለ፤ ምልክቱን ስታይ ተመለስ።

ዓሣ ስትይዝ አታድክመው፣ ቶሎ አስጠጋው። እጅህን አርጥብ፣ ደረቅ እጅ የሰውነቱን ዝልግልግ ሽፋን ይልጣል። ስንጥቡ ውስጥ ጣት አታስገባ። ፎቶ ከፈለግክ ካሜራው ይዘጋጅ፣ ዓሣው እስከዚያ ውሃ ውስጥ መረብ ላይ ይቆይ።

የሚቀጥለው ቅዳሜ እንዲህ አድርግ። ከአውሮራ ሌሊት ተነሳ። ስትደርስ ቴርሞሜትሩን ውሃ ውስጥ አስቀምጠህ አንብብ። ፀሐይ እስክትወጣ ትንሿን ስፒነር በጥልቁ ቦታ ዳር ዳር ወርውር። ፀሐይ ውሃውን ስትነካ ቡብሉን፣ ፌንጣውንና ፌዛንት ቴሏን እሰር፤ እስከ 5 ሰዓት ድረስም ሌላ ምንም አትቀይር። በ20 ውርወራ ካልነካ ፍላዩን ሳይሆን ቦታውን ቀይር፣ ቦታ ቀይረህም ካልነካ ከፌንጣው በታች ያለውን ክር አስረዝም፣ መሬት ላይ ሳይደርስ ነው እያለፈ ያለው። ትንሿን ኒምፍ በየጊዜው አንስተህ እይ፤ ሳር ከያዘች ጥልቀቱ ደርሷል ማለት ነው፣ ጥረግና ቀጥል። በየሰዓቱ ውሃውን ለካ፣ 67 ካሳየህ ሰዓቱ ገና 4 ቢሆንም ክርህን ጠቅልል።